እሳቱን ልየው

ቤል ፉሽ፣ ሳውዝ ዳኮታ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1993

ዋርሳዬ አርዲስ፤

ፖስታውን ከመክፈትሽ በፊት ወንበር ፈልጊ። ጽሑፉ የእኔ ነው። እህትሽ ሃምሳ አንድ ዓመት ስትጽፍልሽ እኔ ከወረቀቱ ግርጌ «ዴልማርም ሰላም ብሏል» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ባለቤቴን ቨርናን ከቀበርን አምስት ወር ሆነ፤ ሰላሜን የሚያደርስልኝ ሌላ ሰው ስላጣሁ ራሴ ላደርስ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ የስንዴ መኪና ላይ የተሰቀለ ሰው ብዕር ሲይዝ ምን እንደሚመስል፣ አርባ ዓመት ያስተማርሽው አንቺ ታውቂዋለሽ። በቀይ አርመሽ እንዳትመልሺልኝ አደራ።

ከሚኖት ስነሳ ኮቴ ኪስ ውስጥ የከተትሽውን የጥያቄ ወረቀት እዚህ ስደርስ አገኘሁት። ፊት ለፊት ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?

አዎ፣ የበረዶውን ክረምት አሪዞና ለማሳለፍ በቤት መኪናዬ ከሌላው ዓመት ሁለት ወር ቀድሜ ነው የወጣሁት። ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ደግሞ ያወራል። አዎ፣ አሪዞና ገና ሙቀት እንደሆነ አውቃለሁ። አዎ፣ መርፌዬን ጠዋትና ማታ እወጋለሁ። ስድስቱ የኢንሱሊን ብልቃጥ ፍሪጁ ውስጥ፣ ቨርና ቅቤ ታስቀምጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተኝቷል። ዳረል «አባዬ፣ አንድ ጊዜ መድኃኒትህ ቢበላሽ ቤት መኪናውን እሸጠዋለሁ፤ አንተም እኛ ምድር ቤት ትገባለህ» ብሎኛል። አባቱን እኮ ነው! ምድር ቤት የሚቀመጠው ድንች ነው።

ስለ ፍሪጁ አትስጊ። ከኋላው አውራ ጣት የምታክል የጋዝ እሳት አለችው፤ የሚቀዘቅዘው እሷ ስትነድ ነው። እሳት እንዴት አድርጎ እንደሚያበርድ አትጠይቂኝ። ፓስተሩንም ጠይቄዋለሁ፣ እሱም አልገባውም። ከሚኖት ስነሳ ለኩሻታለሁ፤ አሪዞና እስክገባ አትጠፋም። የእሳቷ ማዞሪያ ላይ የጃም ጠብታ የመሰለ ቀይ ነገር ተጣብቆ ብፍቀው ብፍቀው እምቢ አለኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የፍሪጁን በረዶ መሥሪያ ክፍል ስከፍት እህትሽ ያስቀመጠቻቸው ሁለት ትልልቅ የወተት ፕላስቲኮች አገኘሁ፤ ውስጣቸው ውሃ፣ ውሃው በረዶ ሆኗል። ቨርና ብልህ ነበረች፤ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ጭኖ መዞር ለዓሣ ጃንጥላ መያዝ ነው። አውጥቼ ጣልኳቸውና የአጋዘን ቋሊማዬን ከተትኩበት።

ቀጣዩ ፖስታ ቤት ካስፐር ነው። መልስሽን «ለዴልማር አደራ» ብለሽ ወደዚያ ላኪልኝ።

ዴልማር


ካስፐር፣ ዋዮሚንግ
ሴፕቴምበር 12

አርዲስ፤

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤት አገኘሁት። ከገጹ ላይ አለንጋሽ ሲወዛወዝ አየሁ ልበል? «ማደያ ከመግባትህ በፊት ታጠፋታለህ?» ብለሽ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። እኔ ማንበብ የሚከብደኝ እንጂ ዓይኔ የታመመ አይደለሁም።

አላጠፋትም። ስነዳም አላጠፋትም፤ ቤንዚን ስቀዳም አላጠፋትም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ካላወቅሽ ግን ይኸው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ሲነፍስ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን አባቴ እኔን በገመድ ከወገቡ ጋር አስሮ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሎከኖች ቤት ሄድን። ምድጃቸው ጠፍቶ ነበር። ሽማግሌውም አሮጊቷም ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጡ ናቸው። ሾርባው ሳህኑ ላይ፣ ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ቆሟል። አባቴ በሩን መልሶ ዘጋና «ዴልማር፣ እሳትህን እይ» አለኝ።

እኛ ሰፈር ሰው ከሰው ሲለያይ «ደህና ሁን» አይባልም ነበር። «እሳቱን አየኸው?» ነው የሚባለው። «አየሁት» ካልክ በሰላም ትሄዳለህ። አንቺ የባለ ሱቅ ልጅ ሆነሽ ከተማ ስላደግሽ ነው የማይገባሽ።

እህትሽ ግን ገብቷት ነበር። አሥራ አንድ ክረምት አብረን ወደ አሪዞና ስንወርድ፣ ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት «እሳቱን ልየው» ትልና ወደ ኋላ ትሄዳለች። ማታ ስንቆምም እንዲሁ፣ «እሳቱን ልየው»። ወጥ ቤቱ ግዛቷ ነው፤ እኔ ከመሪው አልነሳም። ስትመለስ «እሺ?» እላታለሁ፤ «እንደሚገባው ነው» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ አልዘለለችም። አሥራ አንድ ክረምት፣ ስንትና ስንት ማደያ፣ አንድም ነገር አልደረሰብንም። ታዲያ ከቨርናና ካንቺ ማንን ልስማ? ባል ያገባችውን ወይስ ያላገባችውን?

አትቆጪ፣ ቀልዴን ነው። ለዳረል ግን ይህን ማደያ ምናምን የሚሉትን ነገር እንዳታነሺበት። መኪናውን ለመሸጥ ሰበብ ነው የሚፈልገው።

ዩታ ስገባ ፕራይስ በምትባል ከተማ አልፋለሁ። እዚያ ጻፊልኝ።

ዴልማር


ፕራይስ፣ ዩታ
ሴፕቴምበር 19

አርዲስ፤

ጽሑፌ ስለተበላሸ ይቅርታ። በግራ እጄ እየሞከርኩ ነው። ሰው በሰባ አራት ዓመቱም አዲስ ነገር መማር አለበት ስትይ አልነበር?

ፕራይስ ጥቂት ቀን ልቆይ ነው። ኮክ የደረሰበት ወቅት ነው፤ ኮኩ ጥሩ ነው። ለስኳሬ ግማሽ ብቻ ነው የምበላው፤ በይ አትጀምሪኝ።

ፎቶግራፍ ላክልኝ ላልሽው አሁን አይመቸኝም። ነፋሱ ፊት ያበላሻል።

ዳረል ደውሎልሽ «አባባ ለምን ድምፁ ጠፋ?» ቢልሽ ኮክ እየበላ ነው በይው። ውሸት አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ የተዋወቅሁት አንድ ሰው አለ። እንደኔው ሽማግሌ፣ እንደኔው ስኳር ያለበት። ፍሪጁ ቆሞበታል። ኢንሱሊን ካለ ፍሪጅ በሙቀት ስንት ቀን እንደሚቆይ ፋርማሲስትሽን ጠይቂለት። ሰውየው ራሱ ለመጠየቅ ያፍራል። ኩሩ ነው።

ዴልማር


ፕራይስ፣ ዩታ
ሴፕቴምበር 28

አርዲስ፤

እሺ። «ቅንድብ ያለው ነው ወይስ የሌለው፣ ያ ወዳጅህ?» ብለሽ ስትጽፊ ወረቀቱን አገላብጬ የሚያይ ዓይን ፈለግሁበት። አርባ ዓመት የልጆች ውሸት ያነበበች ሴት ጋ መዋሸቴ የእኔ ሞኝነት ነው።

የለውም። ሁለቱም ሄደዋል። ቀኝ እጄ በፋሻ ነው፤ ሐኪሙ ይድናል ብሏል፣ እየዳነም ነው። የመኪናው ጎን ጠቁሯል። ሌላ ሰው አልተጎዳም። ይህን ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የማደያዋ ሴትዮ ሊዮታ ትባላለች። እንደ አንቺ ዓይነት ናት፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ትላለች። ቤንዚን ስቀዳ ከመስኮቷ ብቅ ብላ

«አባት! ውስጥ የሚነድ ነገር አለ?» አለችኝ።

«አለ እንጂ! እሳት የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?»

«ኧረ አጥፋው! ኧረ አጥፋው!»

«አሥራ አንድ ክረምት ያልጠፋውን ላንቺ ብዬ?» አልኳት። ፎክሬ ነው የተናገርኩት፣ ልንገርሽ። ኮፍያዬንም ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ።

የቤንዚኑ ትነት እሳቷን አገኛት፤ የቀረውን ገምቺው። እንኳን መቅጃውን የሚያቆመውን ቀይ ቁልፍ ከቃሏ ጋር አብራ መታችው፤ እንኳን የእሳት ማጥፊያው ከበሯ ጀርባ ነበረ። ለእሷ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣት።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ የጋዙን ሲሊንደር ዘግተው ሄዱ። እኔም መልሼ ልከፍተው እጄን ስዘረጋ እጄ እምቢ አለኝ፤ ደህናውም እጅ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው ፍሪጁ ሙት ነው። ኢንሱሊኔን ሊዮታ የሱቋ ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳው ጠርሙስ ጎን አስቀምጣልኛለች። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ጀርባ ተሰልፌ መድኃኒቴን እቀበላለሁ። «ለአያቱ ምን ይምጣለት፣ ብርቱካን ወይስ ሎሚ?» ትለኛለች። ይሳቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ቅንድብ የሌለው ሰው ሲስቅ ግን የተገረመ ነው የሚመስለው።

ነገሩን ዞሬ ዞሬ አየሁት። ካለ እሳት አይቀዘቅዝም። በእሳት ደግሞ ከእንግዲህ አልነዳም። ወደ ፊት ሁለት ቀን በረሃ ነው፣ ወደ ኋላ አራት ቀን መንገድ። ሊዮታን ፍሪጇን ነቅዬ ልሂድ አልላትም። ስለዚህ ኦክቶበር አምስት ለዳረል ደውዬ መኪናውን መጥተህ ውሰድ ልለው ወስኛለሁ። ምድር ቤቱን ከድንቹ ያጽዱልኝ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳኝ። አሥራ አንድ ክረምት! ያቺው እሳት፣ ያው መኪና፣ ያው ቤንዚን። ለምን ያኔ አልሆነም? ቨርና ስትሄድ ዕድሌን ይዛው ሄደች እንዴ? አንቺ የተማርሽ ነሽ። ለምን እንደሆነ ካወቅሽ ንገሪኝ። እየጠየቅሁሽ ነው።

ዴልማር


ሚኖት፣ ኖርዝ ዳኮታ
ኦክቶበር 1 ቀን 1993

ለግትሩ ዋርሳዬ፤

በአስቸኳይ ፖስታ ነው የላክሁት፤ ለዳረል ሳትደውል እንዲደርስህ። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን። ቅንድብ ይበቅላል። አሁን አንተ ወንበር ፈልግ።

«እየጠየቅሁሽ ነው» ብለሃል። ሃምሳ አንድ ዓመት ይህችን ቃል ካንተ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ቃል እየጠበቅሁ ነበር፤ ያስጠበቀችኝም ቨርና ናት። ከመንገድ ትልክልኝ የነበሩትን ፖስት ካርዶች በሙሉ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጫለሁ። ሦስቱን እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጽሑፏ ስለሚያደክምህ ገልብጬልሃለሁ።

የመጀመሪያው ክረምት፦ «አርዲስ፣ ካምፕ ውስጥ ጎናችን የቆሙት ሰዎች መኪና ሲነዳ የጋዝ ፍሪጅ መጥፋት አለበት፣ ማደያ ውስጥ ከነደደማ አበቃልሽ አሉኝ። ለዴልማር ብነግረው ሎከኖችን ያመጣብኛል። ዛሬ ጠዋት ‹እሳቱን ልየው› ብዬው ሄድኩና አጠፋሁት። ‹እሺ?› አለኝ። ‹እንደሚገባው ነው› አልኩት። አልዋሸሁም።»

አምስተኛው ክረምት፦ «ዛሬም እሳቱን አየሁለት። የሚነድ መስሎት እያፏጨ ይነዳል። ሲያፏጭ ደስ ስለሚለኝ ምን አስለፈለፈኝ?»

መጨረሻው፣ ያለፈው ዓመት፦ «እጄ እየደከመ ነው አርዲስ። ከእኔ በኋላ ማን ያይለታል? ንገሪው፤ ግን ሲጠይቅሽ ብቻ። ዴልማር ሳይጠይቅ የተነገረውን ሰምቶ አያውቅም።»

ስለዚህ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሚስት ነበረችህ። ጠዋት እያጠፋችው ማታ ስትቆሙ ትለኩሰው ነበር። የጣልካቸው ሁለቱ የበረዶ ፕላስቲኮች የቀኑ ፍሪጅህ ነበሩ፤ በሩ ሳይከፈት ከዋለ ከጠዋት እስከ ማታ ያቀዘቅዛሉ። ያ የጃም ጠብታ ያልከው የጥፍር ቀለም ነው። ነጥቡ ወደ ላይ ሲያይ ጠፍቷል ማለት ነው፤ መነጽሯን ሳታደርግ እንድታውቀው። እህቴ ጥፍሯን ቀብታ ታውቃለች? ከላይኛው መሳቢያ ፈልግ፣ ጠርሙሱን ታገኘዋለህ።

ፋርማሲስቱን ጠይቄዋለሁ። ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልል፤ በረዶው እንዳይነካቸው። አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣላል እንጂ አይወጋም። ሲሊንደሩን ራሱን ከመነሳትህ በፊት ዝጋ፤ ቨርና የምትዘጋው ማዞሪያውን ብቻ ነበር፣ አንተ ሁለቱንም። የተቃጠለውን ጎን ባለሙያ ሳያየው አትለኩሰው። ማታ መኪናው ቀጥ ብሎ መቆሙን እይ፤ ፍሪጁ ካዘመመ ይታመማል። ኤሌክትሪክ ያለበት ካምፕ ካደርክ ደግሞ ሰካው፣ እሳቱን እርሳው።

አሁን የእኔን ጥፋት። ከካስፐር ስትጽፍልኝ ሁሉንም ልነግርህ ብዕር አንስቼ «ቃል ነው» ብዬ አስቀመጥኩት። ሰው ሊቃጠል ቃል ምን ያደርጋል? ሁለት ጊዜ አስምሬ መጠየቄ አልበቃም። ይቅር በለኝ፣ ዴልማር።

ለዳረል አልነገርኩትም። የምትነግረው አንተ ነህ።

አርዲስ

ያቺ ሊዮታ ባል አላት?


ፕራይስ፣ ዩታ
ኦክቶበር 7

አርዲስ፤

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፤ እንደ ሞኝ ሲያፏጭ የኖረ ሰው ይናደዳል። በሁለተኛው ካርዶቹን ከፖስታው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። በሦስተኛው «አልዋሸሁም» ያለችው ጋ ስደርስ ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቁ ደግሞ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ሊዮታ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንክ አባት?»

«ሚስቴ አታለለችኝ።»

«መቼ?»

«አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከፍሪጁ ጋር።»

ከዚያ ያለውን ስነግራት እሷም ባንኮኒዋ ላይ ተደፋች። ባል አላት አርዲስ። ቁመቱ ከበሩ ይበልጣል፤ የጠቆረውን ጎን ያደሰልኝ፣ ጋዙንም በሳሙና አረፋ የፈተሸልኝ እሱ ነው።

ጠርሙሱን መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት። ደርቋል፤ ቀለሙ ግን ክዳኑ ላይ አለ። ማዞሪያው ላይ ያለውን ነጥብ በቢላ ለመፋቅ የሞከርኩትን ሳስብ እጄን መታሁት። ሊዮታ የራሷን ቀለም አምጥታ ላድስልህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። የቀረው ይበቃል።

ሁለት የወተት ፕላስቲክ ውሃ ሞላሁ፤ ሊዮታ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ አደረገችልኝ። እዚያው ያቆየችልኝን ቋሊማ ለልጆቿ ሰጠሁ። ብልቃጦቹን በቨርና የእጅ ፎጣ ጠቀለልኩ። ትናንት ሙከራ ብዬ በረዶዎቹንና ብልቃጦቹን ፍሪጁ ውስጥ አስገብቼ፣ ሲሊንደሩን ዘግቼ፣ ነጥቡን ወደ ላይ አድርጌ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስነዳ ዋልኩና ወደ ፕራይስ ተመለስኩ። በሩን አንዴም አልከፈትኩም፤ ሰው ፍሪጅ ላለመክፈት እንዲህ እንደሚታገል አላውቅም ነበር። ሊዮታ የሰጠችኝን የሙቀት መለኪያ ማታ ሳየው መርፌዋ «ደህና» የሚለው አረንጓዴ ውስጥ ናት። ካለ እሳት ቀዝቅዟል አርዲስ! ይህን ለአባቴ ብነግረው በጥፊ ይለኝ ነበር።

ለዳረል ደወልኩለት። ቅንድቤንም፣ እጄንም፣ እናቱንም ነገርኩት።

«አባዬ፣ አሁን እሳቱ?» አለኝ።

«ጠፍቷል።»

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ምድር ቤቱን ለድንቹ ትተንለታል» አለኝ።

አንቺን ይቅር ማለት የምችል አይደለሁም፤ የሚያስቀይም ነገር ስላላየሁ። ሎከኖች እሳታቸው ጠፍቶ ሞቱ። እኔ ደግሞ እሳቴ ሳይጠፋ ልሞት ነበር። አባቴ «እሳትህን እይ» ሲለኝ አጥፋም አንድድም አላለኝም። እይ ነው ያለኝ። የሰማችው ቨርና ናት።

ነገ ጠዋት እነሳለሁ።

ዴልማር


ፖስት ካርድ
ኪንግማን፣ አሪዞና
ኦክቶበር 9

አርዲስ፤ ከመጨረሻው ማደያ ነው የምጽፍልሽ። ከመግባቴ በፊት ዳር አቁሜ ለባዶው ወንበር «እሳቱን ልየው» አልኩና ወደ ኋላ ሄድኩ። ነጥቡ ወደ ላይ ነው።

እሳቱን አየሁት፤ ጠፍቷል። ደህና ነኝ።

ቨርናም ሰላም ብላለች።

ዴልማር